የማንጠግቦሽ ደገፋ የቤት ቁጥር

ሰኞ፣ ሐምሌ 5 ቀን 1974

ከሠላሳ ተማሪዎቼ ዛሬ የመጡት አሥራ አንድ ናቸው። ዝናቡን ሰበብ ያደርጋሉ። ዝናቡ ለእኔም ዘንቧል። ቀኑን ሙሉ መሥሪያ ቤት የሰው ደብዳቤ ስተይብ ውዬ፣ ከውይይት ታክሲ ወርጄ፣ የነፋስ ስልክን ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ረግጬ ነው የደረስኩት።

የመሠረተ ትምህርት ጣቢያችን የአንድ የተወረሰ ቪላ ጋራዥ ነው። የጥቁር ሰሌዳው አንድ እግር ስለሚያጥር ከሥሩ መጽሐፍ ተደርጎለታል። ዛሬ ሲወዛወዝብኝ ጎንበስ ብዬ አወጣሁት። የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነው። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ ርዕስም የደራሲ ስምም የለው። በምትኩ ጡብ አስገብቼ ቤት ይዤው መጣሁ።

የመንግሥት ንብረት ነው። ነገ እመልሰዋለሁ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 7

አልመለስኩትም። ገጽ ስልሳ ደርሻለሁ።

ኀሙስ፣ ሐምሌ 8

ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እናትና አባት የላትም፤ ድልድይ ጠባቂ ከሆነው አጎቷ ጋር ትኖራለች። የድልድዩን መዝጊያ የምትከፍተውና የምትዘጋው እሷ ናት። ትምህርት ቤት ልግባ ስትለው "መዝጊያውን ማን ይከፍታል?" ይላታል። ታዲያ ምን አደረገች? የሚሻገረውን ሰው ሁሉ አንድ የማታውቀውን ነገር ካላስተማራት አታሳልፍም! ነጋዴው የሩቅ አገር ስም ይነግራታል፤ ወታደሩ ፊደል ያስቆጥራታል። ቄሱ "እኔ የእግዚአብሔር ሰው ነኝ፣ ክፈቺ" ቢላት "እንግዲያውስ እርስዎ ብዙ ያውቃሉ፤ ሁለት ይንገሩኝ" አለችው። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

ይቺ ልጅ ምኗ ነው የሚይዘኝ? ቆንጆ አይደለችም፤ ፊቷ ማድያት የበዛበት ነው ይላል መጽሐፉ። ጨዋም አይደለች። ተቆጥተው ዝም ሲያሰኟት ዝም አትልም፤ ያ ነው መሰለኝ። እኔ ዝም በይ ስባል ዝም ብዬ ያደግሁ ነኝ። ከዚያ ታይፒስት ሆንኩ፤ የሌሎችን ቃል አስተካክዬ እጽፋለሁ። በሃያ አራት ዓመቴ ወረቀት ላይ በምትኖር ልጅ ቀናሁ ብል ማን ያምነኛል? ስለዚህ ለዚህ ደብተር ብቻ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 12

ዘጠኝ ተማሪ። ከሩብ ሰዓት በኋላ እነሱም ያዛጉ ጀመር። መጽሐፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ "ተረት ላንብብላችሁ?" አልኳቸው። እንግሊዝኛውን በዓይኔ እያየሁ በአማርኛ ነገርኳቸው። ቄሱ ጋ ስደርስ እማማ ተሾመች ጭናቸውን መቱ። ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የጣቢያው ትልቋ ተማሪ እሳቸው ናቸው።

"ደግ አደረገች! እኛ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ እየተባልን ነው ያረጀነው።"

ፊት ለፊት የተቀመጠችው ሙፊዳ ኑሪ ግን አልሳቀችም። አፏን ከፍታ ትሰማለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሱቅ እንድታግዘው አባቷ ከገጠር ያመጣት ባለፈው ዓመት ነው። የአባቷ ሱቅ ከጋራዡ ጋር ግድግዳ ይጋራል። "ስሟን መፈረም እስክትችል ብቻ ነው የምልካት" ብሎ ነግሮኛል። መፈረም ከቻለች ሁለት ወር ሆኗታል። አባቷ ሲያይ ግን እርሳሱን እንደ ቢላዋ ጨብጣ ያልቻለች ትመስላለች።

አላጋለጥኳትም። ጥሩ አስተማሪ ነኝ አልልም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 14

ሃያ ሁለት ተማሪ!

የልጅቷን የእንግሊዝኛ ስም መጥራት ያቃተን እንደሆነ እማማ ተሾመች "ይቺን ማን ይጠግባታል? ማንጠግቦሽ በሏት" አሉ። "የአባቷስ ስም?" ስል ሙፊዳ "ደገፋ ይሁን፤ የሙት ልጅ ደጋፊ ያስፈልጋታል" አለች። ጸደቀ።

የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ቸኮል በመስኮቱ በኩል ጥቁር ጃንጥላ ይዞ ቆሞ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም። መጽሐፉን ወደ ቦርሳዬ መለስኩት።

ዐርብ፣ ሐምሌ 16

ኢድ ነው። ሙፊዳ አዲስ ሻሽ አድርጋ እናቷ የላከችላትን ጣፋጭ በሳህን አመጣችልኝ። "ቲቸር፣ ሱቅ የሚመጣውን ሁሉ እየጠየቅሁ ነው። ትናንት ክብሪት የገዛ ሾፌር መኪናው ስንት ፒስተን እንዳለው ነገረኝ" አለችኝ።

እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ። ለዚች ልጅ ይህን መጽሐፍ ማንበቤ ልክ ነው?

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 20

ሠላሳውም መጡ። ስም ጠርቼ ስጨርስ ከኋላ አንዱ "ማንጠግቦሽ ደገፋ አልተጠራችም!" አለ። ለቀልድ ጠራኋት። ሠላሳ ሰው በአንድ ድምፅ "አቤት!" አለ፤ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ከስም መጥሪያው ግርጌ በእርሳስ ጽፌ ራይት አደረግሁላት። አሁን እሷ ካልተጠራች ንባቡ አይጀመርም ብለዋል።

ጓድ ቸኮል ዛሬም መስኮቱ ሥር።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 24

ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የወሩን የስም ዝርዝር ተየብኩ። እኔ ፈረምኩ፤ ጓድ ቸኮል ፈረመ፤ ማኅተም አረፈበት፤ ከቀበሌ በላይ ወዳለው ከፍተኛው ሄደ። ደክሞኛል።

ሰኞ፣ ሐምሌ 26

ዛሬ ሥራ ቦታ፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ ድንገት ትዝ አለኝ።

ተራ ቁጥር 31።

የታይፒስት ጣት አያስብም፤ ያየውን ይጽፋል። ከእርሳሱ ዝርዝር ላይ ማንጠግቦሽ ደገፋን እስከ ራይቶቿ ገልብጬ ጽፌያታለሁ። ዕድሜ 11። ጾታ ሴ። ያልቀረችበት ቀን፦ ሁሉም። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከቀበሌ ከወጣ በኋላ ማን ይመልሰዋል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት ቢሆን ይህን በደብተር እንኳን አልጽፈውም ነበር። አሁንም ከፍራሹ ሥር ነው የማስቀምጠው።

ነገ እናገራለሁ።

ዐርብ፣ ሐምሌ 30

አልተናገርኩም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 3

ጓድ ቸኮል ከትምህርት በኋላ አስቆመኝ። 

"ጓድ ትሩፋት፣ በሚያነቡት መጽሐፍ ላይ ማብራሪያ እፈልጋለሁ። ያ ድልድይ የማን ንብረት ነው?"

"የ... የባላባቱ ነው መሰለኝ።"

"አጎቷ ተቀጣሪ ነው ማለት ነው። ጥሩ።" አንድ ነገር ጻፈ። "ወንዙ ሲሞላ ድልድዩ ይፈርሳል?"

"እስካሁን አልፈረሰም።"

"ልጅቷስ ትተርፋለች?"

"አልጨረስኩትም።"

"ሲጨርሱ ያሳውቁኝ። ለጣቢያው ሥራ ነው።"

ነገር እየፈለገብኝ እንደሆነ ግልጽ ነው። እያንዳንዱን ምዕራፍ ይመዘግባል። ባለፈው ዐርብማ ዝናቡ እንደዚያ ሲወርድ ጃንጥላውን ረስቶ ነው እስከ መጨረሻው የቆመው። እንዲህ ያለ ንቁ ካድሬ አይቼ አላውቅም።

ዐርብ፣ ነሐሴ 7

ሙፊዳ ሦስት ቀን ቀረች። ዕቃ አከፋፋዩ ሱቅ መጥቶ "ፈርሚልኝ" ሲላት ረስታ አሳምራ ፈረመች። አባቷ ከኋላ ቆሞ አየ። "እንግዲህ ችለሻል፤ በቃሽ" አላት።

ሄጄ ለመንኩት። ክፉ ሰው አይደለም። "እህቴ፣ ወላሂ እኔም ብትማር ደስ ይለኛል። ሱቁን ማን ይጠብቅ?" አለኝ። መልስ አጣሁ። ይህን ጥያቄ መጽሐፉ ውስጥ ስሰማው ግን ስንት መልስ ነበረኝ!

ሰኞ፣ ነሐሴ 10

ሙፊዳ ተመለሰች! እማማ ተሾመች ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ሄደው ባንኮኒው ላይ ክርናቸውን አስደግፈው "ኑሪ፣ የማላውቀውን አንድ ነገር ካላስተማርከኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም" አሉት። ስለ በርበሬ ነገራቸው፤ "አውቃለሁ" አሉት። ስለ ጨው ነገራቸው፤ "እሱንም አውቃለሁ።" ገዢው እስከ መንገድ ተሰለፈ። እኩለ ቀን ላይ እጁን ሰጠ።

"እሺ፣ ይህ ዙር እስኪያልቅ ትማር። ከዚያ ወዲያ ግን ሱቅ ናት። አለቀ!"

ዙሩ የሚያልቀው ነሐሴ መጨረሻ ነው። ሙፊዳ ይህን ሰምታ "ሦስት ሳምንት ብዙ ነው ቲቸር" አለችኝ። ያጽናናችው እኔን ነው።

ኀሙስ፣ ነሐሴ 13

ቡሄ። ልጆች በየበሩ ሆያ ሆዬ እያሉ ነው። እኔ ቤት መጥተው ሲጨፍሩ እንባዬን አዩት። ሙልሙል እጥፍ ሰጥቼ ሸኘኋቸው።

ከከፍተኛው ደብዳቤ መጥቷል። አንድም ቀን ያልቀሩ ወጣት ተማሪዎች ተመርምረው ከቀበሌያችን አርአያ ተማሪ ሆና የተመረጠችው ጓድ ማንጠግቦሽ ደገፋ ናት። በአብዮት በዓል ትሸለማለች። ሽልማቱም ከመስከረም ጀምሮ በቀን ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል መግባት ነው፤ ከነዩኒፎርሙ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ቦጋለ ደብዳቤውን ሲያነቡ ተጨበጨበ። ጓድ ቸኮል ብቻ አላጨበጨበም። ፊቱ ኖራ መሰለ።

ዐርብ፣ ነሐሴ 14

ቢሮው ጠራኝ። ፎርም ሰጠኝ።

"የጓድ ማንጠግቦሽ የቤት ቁጥር አልተሞላም። እስከ ነሐሴ 24 ተሞልቶ ይቅረብ።" ቀና ብሎ አላየኝም። ቀጥሎም በሩ መዘጋቱን አይቶ "ትሩፋት፣ አሥር ቀን ነው ያለሽ" አለኝ።

አንቺ አለኝ! እስከ ዛሬ ጓድና እርስዎ ነበርኩ። ንቀት ይሆን? ማስፈራራት ነው? ሌሊቱን ሙሉ አሰላሰልኩት፤ አልገባኝም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 18

ለሙፊዳ ነገርኳት። ለምን ለልጅ እንደነገርኩ አላውቅም። ሌላ የምነግረው ሰው አልነበረኝም።

አላፈረችም፣ አልደነገጠችም። "እኔ ልሁናታ!" አለች። "የእኛን ቤት ቁጥር ሙይው። ስሟን ብቻ ነው የምዋሰው። የቀበሌ ትእዛዝ ከሆነ አባቴም እምቢ አይልም።"

የኑሪን ቤት ቁጥር በፎርሙ ላይ ተየብኩ። ለልጅቷ ብዬ ነው። ለልጅቷ ብዬ ብቻ ነው። ከፎርሙ ጋር የእኔም ነገር አብሮ ቢሸፈን ምን ጥፋት አለው?

ጥፋት አለው። አውቃለሁ።

ኀሙስ፣ ነሐሴ 20

የዛሬውን ምዕራፍ አስቀድሜ ባነበው ኖሮ እዘለው ነበር። አንድ መንገደኛ አስተማሪ ድልድዩ ጋ ይደርሳል። ልጅቷ እንዳይሄድባት "ድልድዩ ተሰብሯል" ብላ ትዋሸዋለች። ሦስት ቀን ያስተምራታል። በሦስተኛው ቀን ግን በማዶ የታመመች እናት እንዳለችው ትሰማለች። ሮጣ መዝጊያውን ትከፍትና "ዋሽቼህ ነው" ትለዋለች።

ክፍሉ በሁለት ተከፈለ። እማማ ተሾመች "ለትምህርት ብላ የዋሸችው ውሸት አይቆጠርም" አሉ። ሌላው "ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ እናትየዋስ?" ይላል። ጭቅጭቁ ደጅ ድረስ ተሰማ። እኔ ጠመኔ ይዤ ቆሜያለሁ።

ሲወጡ ሙፊዳ ቀረች።

"ቲቸር፣ ያንን ነገር ተይው።"

"የትኛውን?"

"በእሷ ስም ከገባሁ ትምህርት ቤት የምትገባው ማንጠግቦሽ ናት። ሙፊዳ ሱቅ ትቀራለች።"

አቅፌያት አለቀስኩ። ፎርሙን ቤት እንደገባሁ ቀደድኩት። ልጅ ያስተማረችኝን ለመጻፍ አላፍርም፤ ዘግይቼ በመማሬ ግን አፍራለሁ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 22

ነገ የቀበሌ ስብሰባ ነው። አጀንዳ ሁለት፣ ሂስና ግለ ሂስ። እናገራለሁ። ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም። ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፤ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ሳልጽፍ እናገራለሁ።

እሑድ፣ ነሐሴ 23

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ጓድ ቦጋለ "ግለ ሂስ ያለው?" ሲሉ እጄን አወጣሁ። ድምፄ ቀጥኖ፣ ራሴ እንኳ አላወቅሁትም።

"ማንጠግቦሽ ደገፋ የምትባል ተማሪ የለችም። የመጽሐፍ ልጅ ናት። ለቀልድ ስጠራት ቆይቼ በስህተት ተየብኳት። ስህተቴን ካወቅሁ በኋላ አራት ሳምንት ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።"

 ጓድ ቦጋለ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ለከፍተኛው የሌለች ሰው ልከናል ነው የምትዪኝ?"

ይኼኔ እማማ ተሾመች ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። "እኔም ግለ ሂስ አለኝ። ስትጠራ አቤት ያልኩት እኔ ነኝ።" ተቀመጡ። ከኋላቸው የቀለም ፋብሪካው ሠራተኛ ተነሣ፤ "እኔም አቤት ብያለሁ።" ልብስ ሰፊዋ ዙሌካ፤ "እኔም።" አንድ በአንድ ሠላሳውም ተነሥተው ቆሙ። እኔ ወለሉን ነበር የማየው።

በመጨረሻ ከመድረኩ ላይ ወንበር ተንቋቋ። ጓድ ቸኮል ነው።

"ዝርዝሩን ስፈርም ስሟን አይቻለሁ፤ ማን እንደሆነችም አውቅ ነበር። ብሰርዛት ንባቡ ይቋረጣል ብዬ ፈራሁ።" ጉሮሮውን ጠረገ። "በተጨማሪም... መስኮት ሥር ሆኜ፣ በትንሹ ሰባት ጊዜ፣ እኔም አቤት ብያለሁ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጓድ ቦጋለ ጠረጴዛውን ደበደቡ፤ ግን እሳቸውም ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር። ሲበርድ "ሳቁ ይቅር። ነገ ለከፍተኛው የማቀርበው ሰው ያስፈልገኛል። በሕይወት ያለ ሰው!" አሉ። የስም መጥሪያውን አስመጡ። "ከወጣቶቹ ቀጥላ ያለችው ሙፊዳ ኑሪ ናት። ሦስት ቀን ቀርታለች። በቂ ምክንያት ከሌላት አልፋታለሁ። ለምን ቀረች?"

ኑሪ ከግድግዳው ጥግ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ ነበር።  ሙፊዳ እንደገና ተነሣች።

"ሂስ አለኝ።"

"በማን ላይ?"

"በአባቴ ላይ።"

እግዚኦ!  ልጅ በአባቷ ላይ፣ በአደባባይ፣ ያውም ሙፊዳ! አንዲት ሴትዮ "በስመ አብ" ስትል ሰማሁ።

"ሦስቱን ቀን ሱቅ አስቀምጦኝ ነው። ዙሩ ሲያልቅም ያስቀምጠኛል። እኔ መማር እፈልጋለሁ። አባቴ ከእኔ በላይ ይደክማል፤ አውቃለሁ። እወደዋለሁም። ግን ይህ ጥፋት ነው።" ድምፏ እዚህ ላይ ተሰበረ፤ ቢሆንም አልተቀመጠችም። እጆቿን አጣምራ ወደ እሱ ብቻ አየች።

 ይመታት ይሆን ብዬ ፈራሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል። ላቡን በኮፍያው ጠረገ።

"ሂሱን ተቀብያለሁ" አለ።

ቀጠለና፣ ለእሷ ብቻ እንደሚናገር፣ "ሱቁን እኔ እጠብቃለሁ፤ አንቺ ሂጂ" አላት።

ጭብጨባው ቆርቆሮውን ሊገነጥለው ነበር።

ኀሙስ፣ ነሐሴ 27

ቅጣቴ ተወስኗል። እስከ ጥቅምት ድረስ የቀበሌውን የማባዣ ስቴንስል ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እተይባለሁ። ጓድ ቸኮልም ተቀጥቷል፤ የምተይበውን እያነበበ ማመሳከር ነው ሥራው። ቅጣቱን ራሱ ነው የጠየቀው አሉ። ጥፋቱን እንዲህ አምርሮ የሚክስ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሰኞ፣ መስከረም 10 ቀን 1975

ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ሙፊዳንና አባቷን አየኋቸው። ዩኒፎርሙ ሰፍቷት እጅጌው ሁለት ጊዜ ተጠቅልሏል። አዲሱን ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልሎ የያዘው ኑሪ ነው። እሷ ፈጠን ፈጠን እያለች አንድ ነገር ትተርክለታለች፤ እሱ ጭቃውን እየዘለለ "ቆይ፣ ቀስ በይ፣ ከዚያስ?" ይላታል።

በአጠገቤ አለፉ። ልጠራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። አላየችኝም። ወሬዋ መሐል ነበረች። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ከፋኝ፤ አውቶቡሱ አመለጠኝ።